ሱቅ ውስጥ ዕቃ ወድቆ ሠራተኛ ሲጎዳ ኃላፊው ማነው? ጥያቄዬና የመጡልኝ 34 መልሶች

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። እኛ የወሎ ልጆች በምንወያይበት መድረክ ላይ ነው። 34 መልስ መጣ። አንዳንዱ ልብ የሚያሳርፍ፣ አንዳንዱ የሚያቆስል ነበር። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ረጅም ስለሆነ ሙሉውን ያላነበባችሁ ብዙ ናችሁ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ልተርክላችሁ።

ታናሽ እህቴ ደሴ ውስጥ አንድ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ደሞዟ በወር 4 ሺህ ብር ነው። ሱቁ ጠባብ ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ወደ ላይ ግን እስከ ቆርቆሮው ድረስ ዕቃ ነው። ዘንድሮ፣ የካቲት 2018፣ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። ወሎ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። አንዱ ለሽሮው፣ ሌላው ለሳምቡሳው፣ ሁሉም ዘይት ፈላጊ ነው። ባለሱቁ ቀደም ብሎ ዘይት አስገባ። ወለሉ ሲሞላ የተረፈው ወደ ላይ ወጣ።

ጾሙ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንድ ደንበኛ ፓስታ ጠየቀ። ፓስታው የላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። መሰላል የለም። እህቴ እንደ ሁልጊዜው ጫፉ ላይ ሚስማር የተመታበትን ረጅም እንጨት አነሳች። ካርቶኑን በሚስማሩ ሳብ፣ በሌላ እጅ ቀለብ ማድረግ ነው ሥራው። ካርቶኑ መጣ። እሱን ተደግፎ የቆመው ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካንም ተከትሎ መጣ። ጭንቅላቷን ለጥቂት ሳተና በትከሻዋና በአንገቷ መካከል ያለችውን አጥንት ሰበራት።

ተደውሎልኝ ስደርስ ዘይቱ ወደ በሩ እየወረደ ነበር። የደሴ ወለል መቼም ተዳፋት ነው። ከዘይቱ መሀል የአንድ እግር ነጠላ ጫማዋ ተቀምጧል። እንጨቱን አንድ ሰው አንስቶ ግድግዳ አስደግፎታል። እሷ ባንኮኒው ሥር ተቀምጣ ቀኝ እጇን በግራ እጇ ታቅፋለች። አታለቅስም። ፊቷ ግን ነጭ ሆኗል።

ባለሱቁ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን መጀመሪያ ላይም ጽፌዋለሁ። እሱ ራሱ ባጃጅ ጠርቶ ክሊኒክ ወሰዳት። የመጀመሪያውን ቀን ወጪ ከኪሱ ከፈለ። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ የፈጣሪ ቀደር (ዕጣ ፈንታ) እንደሆነ፣ ማንም ሆን ብሎ እንዳላደረገው እየደጋገመ ይነግረን ጀመር። ወሩ ሲያልቅ ላልሠራችበት ቀን እንደማይከፍል ተናገረ። እኔም የጠየቅኩት ይህንኑ ነው፦ ይህ ቀደር ነው ወይስ ተጠያቂ አለው? የራሴንም አቋም ጽፌአለሁ። ጀሪካኑ ክንፍ አውጥቶ እዚያ አልወጣም። ሰው ነው ያወጣው።

1ኛዋ መላሽ አንዲት የደሴ ሸዋበር ሰፈር እናት ናቸው። ለእህቴ ምሕረትን ለመኑላት። ራጅ ተነስታ እንደሆነ ጠየቁኝ። ቀጥለውም እሳቸው የሚያውቁት አንድ ጎበዝ ወጌሻ እንዳለ ጠቆሙ። 2ኛው ወዲያው ገባና ወጌሻ ጋ እንዳትሄድ አደራ አለ። 3ኛው ደግሞ የአጎቱን እግር ያዳነው ወጌሻ እንደሆነ፣ ሆስፒታል ቢሄድ ኖሮ ይቆረጥ እንደነበር ተከራከረ። ወሬው ገና ሳይጀመር በዚህ ያልቃል ብዬ ሰግቼ ነበር።

4ኛው መልስ ግን ነገሩን ወደ መስመር መለሰው። ጸሐፊው ሕግ ያጠና ይመስላል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ጠቀሰ። አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የምንለው ነው። አንቀጽ 92 አሠሪው የሥራ ቦታው በሠራተኛው ጤናና ደህንነት ላይ አደጋ እንዳያደርስ የማድረግ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። ከዚያ የሚብሰውን አስከተለ። አሠሪው ምንም ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። ይህን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቀደር ነው አይደለም የሚለው ክርክር ለካ በሕጉ ዘንድ ቦታ የለውም።

ክፍያውንም ዘረዘረልን። የሕክምናው ወጪ በአሠሪው ነው። ሠራተኛው ተጎድቶ መሥራት ሳይችል ሲቀር የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደሞዙን ያገኛል። የሚቀጥሉትን 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የመጨረሻዎቹን 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። በእህቴ አሰላሁት። 3 ወር ብትተኛ 12 ሺህ ብር ነው። ለባለሱቁ ትንሽ ገንዘብ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለእሷ ግን የቤት ኪራይና ምሳ ነው።

5ኛው ይህን ሁሉ አጣጣለው። እንዲህ ያለው ሕግ ለኮምቦልቻ ፋብሪካዎች እንጂ ለሰፈር ሱቅ እንዳልተጻፈ፣ የተፈረመ ውል ከሌላትም ሠራተኛ ነኝ ማለት እንደማትችል ጻፈ። ቃናው ትንሽ የሚያሾፍ ነበር። 6ኛው በትዕግሥት አረመው። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋና ነገሮቹን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ይህን አለማድረጉ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም። ለሱቅም የሚሠራው ይኸው ሕግ ነው። ሌላም ጠየቀን። ለጡረታ ከደሞዟ 7 በመቶ ይቆረጥ ነበር ወይ? አሠሪውስ 11 በመቶውን ይከፍል ነበር ወይ? አልነበረም። የጡረታ ቁጥር የሚባል ነገር እህቴ ሰምታም አታውቅም።

7ኛው ሌላ ነገር አነሳ። በቅን ልብ ነው ያነሳው ብዬ አምናለሁ። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ አሠሪው አይጠየቅም። በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ጥሶ ወይም ሰክሮ ሥራ ገብቶ ከተጎዳም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በእንጨት መሳብ ተከልክላ እንደሆነ ጠየቀኝ። 8ኛው መልስ የእኔ ነው። ሥራ በጀመረች ቀን እንጨቱን በእጇ ያስያዛት ባለሱቁ ራሱ መሆኑን ጻፍኩለት።

9ኛው የሰኞ ገበያ ነጋዴ ናቸው። ዕድሜያቸው የገፋ ይመስላል። ሁላችንንም በአክብሮት ሰላም ብለው ጀመሩ። እየጻፉ ሲሄዱ ግን ቃላቸው እየከረረ ሄደ። ሱቃቸው 3 በ4 ሜትር ነው። መጋዘን የላቸውም። መጋዘን ልከራይ ቢሉ ኪራዩ ትርፋቸውን ይበላዋል። በ2014 ሱቃቸው ተዘርፎ ባዶ ሲሆን መደርደሪያው ሳይቀር ተነቅሏል። አሁን ያለውን የሠሩት ከየቦታው በለቀሙት ጣውላና በባህር ዛፍ ነው። እሳቸው ራሳቸው ቆጥ ላይ ወጥተው ካርቶን ያወርዳሉ። በ60 ዓመታቸው ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። ማንም አዋጅ ጠቅሶ አልጠየቃቸውም። ያን ያህል ሰው ሆነን ባለሱቁን ብቻ ጭራቅ አድርገን መሳላችን አሳዝኗቸዋል።

እውነት ለመናገር ይህን መልስ ሳነብ ዝም አልኩ። ደሴንም ኮምቦልቻንም ወልድያንም ያየ ሰው የሚሉት ይገባዋል። ከዜሮ የተነሳ ሱቅ ነው ያለን። ለመደርደሪያ የሚወጣ ገንዘብ መጨረሻ ላይ ነው የሚታሰበው።

10ኛዋ ግን አልራራችላቸውም። ኮስሞቲክስ ሱቅ የሠራች ልጅ ናት። ቦታ የሌለው ሰው ዕቃ መቀነስ እንዳለበት በቁጣ ጻፈች። ከላይ በተቆለለው ዕቃ የሚያተርፈው አንድ ሰው፣ ከሥሩ የሚቆመው ሌላ ሰው መሆኑን አስታወሰች። ይህ አባባሏ ከመላው ክር ውስጥ ልቤ ላይ የቀረ ነው። አነጋገሯ ግን ለትልቅ ሰው የሚሆን አልነበረም። አንቱ ሊባሉ የሚገባቸው ሰው አንተ ተባሉ። 11ኛው ይህንን ገሰጻት። 12ኛው፣ 13ኛውና 14ኛው ኪራይ ውስጥ ገቡ። ፒያሳ ኪራዩ ስንት ነው፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈርስ ስንት ነው፣ አከራይ ለምን በየዓመቱ ይጨምራል። ይህ ራሱን የቻለ ሕመም ነውና ለሌላ ቀን ይቆየን።

15ኛዋ ነርስ ናት። ይህን መልስ ሱቅ ያለው ሁሉ ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል። እህቴን ያተረፋት ጀሪካኑ ጭንቅላቷን መሳቱ እንደሆነ በቀጥታ ነገረችን። ራሱን የተመታ ሰው ተነስቶ ቢስቅ እንኳ አትመኑ ነው የምትለው። ውስጥ የሚደማ ደም አለ። ለሰዓታት ደህና መስሎ ይቆይና ድንገት ይጥላል። ስለዚህ ሰውየውን ለአንድ ቀን ያህል ብቻውን አለመተው። ደጋግሞ ካስታወከው፣ የራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለውና መቀስቀስ ካስቸገረ፣ ምላሱ ከተሳሰረ፣ የዓይኑ ብሌን አንዱ ሰፍቶ አንዱ ከጠበበ፣ ከአፍንጫው ወይም ከጆሮው ውሃ የመሰለ ነገር ከወጣ፣ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ነው። አንገቱን ያመመው ወይም እጁን የደነዘዘው ሰው ደግሞ ተጎትቶ አይነሳም። ባለበት ይያዛል፤ እርዳታ ይጠራል።

ቁስል ላይ ቡና መነስነስ እንደማይገባም ጻፈች። በንጹህ ጨርቅ ጫን ብሎ መያዝ ይበቃል። 16ኛዋ፣ የመጀመሪያዋ የሸዋበር እናት ተመልሰው፣ እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ቡና ሲነሰንሱ እንደኖሩ ገለጡ። ነርሷም በ17ኛው መልስ በአክብሮት እማማ ብላ ስለ ቁስልና ስለ ጀርም አስረዳቻቸው። የወጌሻውንም ነገር አነሳችው። ወጌሻ አጥብቆ ሲያስር ደም ወደ ጣት መሄድ ያቆማል። ጣት ይቀዘቅዛል፣ ይደነዝዛል፣ ይጠቁራል። በዚህ ምክንያት እጅና እግራቸውን ያጡ ልጆች ብዙ ናቸው። እማማም አመሰገኗት። 3ኛው መላሽ ግን የአጎቱን እግር ይዞ እንደቆመ ነው።

18ኛው የኮምቦልቻ በያጅ ነው። የእሱ መልስ ሙያ ነው። ከባዱ ዕቃ ከጉልበት እስከ ወገብ ባለው ከፍታ ላይ ይቀመጣል። ከላይ የሚወጣው ሶፍትና ፓምፐርስ ነው። ቢወድቅም አይገድልም። ከፊት ለፊት ለእያንዳንዱ ንብርብር አራት ጣት የምታክል ከንፈር መበየድ ነው። ዕቃው ሲንሸራተት ትይዘዋለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ መደርደሪያው ራሱ ከግድግዳ ጋር መታሰር አለበት። እሱ ሰው ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚያደርገው የመደርደሪያውን ጠርዝ ይዞ ነቅነቅ ማድረግ ነው። ብዙው ይወዛወዛል።

19ኛው አናጢ ነው፤ አንድ ነገር አረመበት። በያጁ ፊሸር (ግድግዳ ተበስቶ የሚገባ የፕላስቲክ መያዣ) እና ቡሎን ነበር ያለው። ጭቃ ቤት ላይ ፊሸር አይይዝም። ጭቃውን ይዞት ይወጣል። የደሴ አሮጌ ሱቆች ደግሞ አብዛኞቹ ጭቃ ናቸው። ስለዚህ ግድግዳውን በጣት እያንኳኩ ቋሚ እንጨቱን መፈለግ፣ መደርደሪያውን ከእሱ ጋር ማሰር ነው የሚሻለው። ወለሉ ተዳፋት ከሆነ ደግሞ ከፊት እግሩ ሥር ሽብልቅ ገብቶ ወደ ግድግዳው ጋደል እንዲል ይደረጋል። ወደ ሰው ጋደል ያለ መደርደሪያ መቼም አይሆንም። በያጁ ወዲያው ተቀበለው። ሁለቱ ስልክ ሳይለዋወጡ አልቀሩም። ከክሩ የወደድኩት አንዱ ቦታ ይህ ነው።

20ኛው የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ውስጥ የሠራ ልጅ ነው። የሲሚንቶ ቁልል ተንዶበት ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሯል። አንዱ ከረጢት 50 ኪሎ ነው። ቀጥ ተደርጎ እንደ ዓምድ የተቆለለ ነበር። አንዱን ከጎን ሲስቡት ሌላው ሁሉ መጣ። አሁን የሚሠራበት ቦታ እንደ ጡብ ግንብ እያጠላለፉ ይደረድራሉ። ከ10 ከረጢት በላይም አይወጡም። የሚያነሱት ከላይ ጀምረው ነው። 21ኛው ሴራሚክ ግድግዳ ላይ ቀጥ አድርጎ ማስደገፍ የባሰ እንደሆነ ጨመረ።

22ኛው ባቲን አነሳ። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ዕቃው ሁሉ መሬት ላይ ተዘርግቶ እንደሚሸጥ፣ ያኔ ሰው ራስ ላይ የሚወድቅ ምንም እንዳልነበረ በናፍቆት ጻፈ። ግመሉን፣ ጨውን፣ የአፋሩንና የወሎውን ሰው መሀል ለመሀል አስታወሰን። ትንሽ ከርዕስ ወጣ። ግን ደስ አለን።

23ኛው ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ ይዞ መጣ። መጀመሪያ ላይ ምን አገናኘው አልኩ። ነገሩ ግን ይገናኛል። እኛ ስምጥ ሸለቆ ዳር ነን። ካራ ቆሬንና ማጀቴን የመታው መንቀጥቀጥ በ1954 እንደነበር ጻፈ። 24ኛው ዓመቱን ወደ 1953 አረመለት። ማጀቴ ያኔ ፈራርሳለች። በ2017 የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ መሰማቱንም አስታወሰ። ያልታሰረ መደርደሪያና ከላዩ ላይ የተቆለለ ጠርሙስ በእንዲህ ያለ ቀን ምን እንደሚሆን አስቡት።

25ኛው አሜሪካ ያለ የወሎ ልጅ ነው። ትልቅ መደብር መጋዘን ውስጥ ይሠራል። እዚያ ኦሻ የሚሉት የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪ አለ። በእነሱ አቆጣጠር በ1970 በወጣ ሕግ የቆመ ነው። ደንቡ በቁልል የሚቀመጥ ዕቃ እንዳይንሸራተትና እንዳይናድ ተጠላልፎ፣ ተደግፎ፣ ከፍታው ተወስኖ እንዲቀመጥ ያዛል። እሱ የሚሠራበት ቦታ ዕቃ ከላይ በማሽን ሲወርድ ያን መተላለፊያ ብቻ አይዘጉም። ከጀርባው ያለውንም ይዘጋሉ። ከወዲህ የተገፋ ካርቶን ከወዲያ ስለሚወድቅ ነው።

26ኛው በኃይል ተቆጣ። ደሴ አሜሪካ እንዳልሆነች፣ ዶላር የሚቆጥር ሰው ለእኛ ሱቅ ሕግ ማውጣት እንደማይችል ጻፈ። ስድብም ነበረበት፤ አልደግመውም። በ27ኛው የአሜሪካው ልጅ ተመለሰ። አልተሳደበም። ደንበኛን ለሁለት ደቂቃ ወደዚያ በሉልኝ ለማለት፣ በሩ ላይ አንድ ዱካ አስቀምጦ መንገድ ለመዝጋት ዶላር እንደማያስፈልግ ብቻ ነው የጻፈው። እሱም ልጅ ሳለ የአባቱ ሱቅ ውስጥ የሳሙና ካርቶን ግንባሩን እንደፈነከተው፣ ጠባሳው አሁንም እንዳለ ነገረን።

28ኛው የወልድያ የፊዚክስ መምህር ናቸው። የእህቴን ጀሪካን በስሌት አሳዩን። ባለ 5 ሊትር ዘይት ወደ 4 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ከ3 ሜትር ከፍታ ተነስቶ ትከሻዋ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የወሰደበት ጊዜ ከግማሽ ሰከንድ ትንሽ የበለጠ ነው። ሰው ቀና ብሎ አይቶ፣ ምን እንደሆነ ገብቶት፣ ዘወር እስኪል አይበቃም። እህቴ ለምን አልሸሸሽም ሲሏት የምትመልሰው አጥታ ነበር። ይህን መልስ አነበብኩላት።

29ኛው ያኔ ነው የመጣው። ልጅቷ ስልኳን እያየች ይሆናል፣ የዛሬ ልጆች ሥራ ላይ ቲክቶክ ነው የሚያዩት፣ ወንድሟም ገንዘብ ለማግኘት ነው ክር የከፈተው። ይህን ነው የጻፈው። አያውቃትም። ሱቁን አላየውም። 30ኛው መልስ የእኔ ነበር። በቁጣ ነው የጻፍኩት። አንድ እጇ እንጨት፣ ሌላ እጇ ካርቶን ይዛ ስልኩን በየትኛው እጇ እንደምታይ ጠየቅኩት። ሌላም ያልኩት አለ፤ እሱን በኋላ አጥፍቼዋለሁ። ማጥፋቴ ተገቢ ነው። የተቆጣሁት ግን ተገቢ አልነበረም ብዬ አላስብም። የተጎዳን ሰው መልሶ መክሰስ ሁለተኛ ስብራት ነው።

31ኛው የሰኞ ገበያው ነጋዴ ናቸው። አልጠበቅኳቸውም። ለ29ኛው የሰጡት መልስ አጭር ነበር። ልጅቷ ስልክ ብታይም ባታይም ጀሪካኑን እዚያ ያቆመው እጅ የእሷ አለመሆኑን ጻፉ። ቀጥለው ስለ ራሳቸው ሱቅ ነገሩን። ክሩን ካነበቡ በኋላ ማታ ከልጃቸው ጋር ሆነው የቲማቲም ድልህ ካርቶኑንና ዘይቱን ከቆጥ አውርደዋል። ባንኮኒያቸው ሥር ባዶ ቦታ እንዳለ ለዓመታት አላስተዋሉም ነበር። ቋሚ እንጨቱንም በጣታቸው ፈልገው አግኝተዋል። 10ኛዋ ልጅ በልብ ምልክት ይቅርታ ጠየቀቻቸው።

32ኛው ነገሩ በሽምግልና ይለቅ የሚል ነበር። እኛ ወሎዎች ደም እንኳ በአበጋር (በአስታራቂ ሽማግሌ) የምናደርቅ ሕዝብ ሆነን ለተሰበረ አጥንት ፍርድ ቤት መካሰስ እንደማይገባ ጻፈ። 33ኛው የሕጉ ልጅ ነው፤ አልተቃወመውም። ሽምግልናው ካልያዘ ግን የሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ እንደማይጠየቅበት እንድናውቅ አሳሰበ። ገንዘብ የለኝም ብሎ ዝም የሚል ብዙ ሰው ስላለ ነው።

34ኛዋ እህቴ ራሷ ናት። በግራ እጇ ነው የጻፈችው፤ ፊደሉ ብዙ ቦታ ተሳስቷል። የጸለየላትን ሁሉ አመሰገነች። ባለሱቁን እንዳትጠሉት ለመነች። በቦታዋ አዲስ ልጅ መቀጠሩን ሰምታለች። የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ያ እንጨት እንዲነሳና በቦታው መሰላል እንዲገዛ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁና ላብቃ። ሁለት ሽማግሌ ይዘን ሄድን። አንዱ ሐጂ፣ አንዱ ቄስ ናቸው፤ ባለሱቁ ሁለቱንም ያከብራል። አዋጁን በስልኬ ከፍቼ አነበብኩለት። ብዙ አልተከራከረም። የሁለት ወር ደሞዟን ከፈለ። ሦስተኛውን ሲደርስ እንደሚሰጥ በሽማግሌዎቹ ፊት ቃል ገባ። የራጁንና የመድኃኒቱንም ደረሰኝ ተቀበለ።

ትናንት በዚያ በኩል ሳልፍ ገባሁ። ዘይቱ መሬት ላይ ወርዷል። በላስቲክ ተሸፍኖ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆሟል። ፓስታው ግን እዚያው ላይ ነው። መሰላሉን ጠየቅኩት፤ ከፋሲካ በኋላ እንደሚገዛ ነገረኝ። አዲሷ ልጅ ከእህቴ ታንሳለች። አጭር ናት። እህቴ እንዴት እንደሆነች ስትጠይቀኝ እንጨቱን በእጇ ይዛ ነበር።